ከምድጃ ጋዝ ሀብት ያወጡ ሰው
የሙሴ ኤርኔስት ሶልቬ የሕይወት ታሪክ

በጂቡቲ ከተማ ባሕሩና ፀሐዩ ተባብረው ጨው ይሠራሉ። የባሕሩ ውሃ ሸሽቶ በሚቀርበት ጥልቀት በሌለው ስፍራ፣ ጥቂት ቀን ሲሰነብት፣ ምድሩ ነጭ ልብስ የለበሰ ይመስላል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በከተማይቱ አጠገብ የባሕር ውሃ እየተገደበ ጨው የሚደርቅባቸው መስኮች ተዘጋጅተው ነበር፤ ከዚያም የወጣው ጨው በምድር ባቡር እየተጫነ ወደ ኢትዮጵያ ይላክ ነበር። መስኮቹ ሥራቸውን ካቆሙ ብዙ ዘመን ቢሆንም፣ ሳሊን የሚለው የፈረንሳይኛ ስማቸው በሰፈር መጠሪያነት እስከ ዛሬ ቀርቷል። ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የተኛ ሲሆን፣ ውሃው ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ጨው የተሸከመ ነው። አፋሮች ከዚያ ሥፍራ ጨው እየቆረጡ በግመል ወደ ደጋው አገር ያወጡ የነበሩት ከጥንት ጀምሮ ነው።

የጂቡቲ ተማሪ በየቀኑ የሚያየው ሁለተኛ ነገር ነጭ ድንጋይ ነው። የቀድሞዎቹ የከተማይቱ ቤቶች ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ተገንብተው በኖራ የተለሰኑ ናቸው። ሦስተኛው ነገር ጢስ ነው። ወደብ ባለበት አገር መርከብ ይመጣል፤ መርከብም ሲመጣ ጭስ ማውጫው ቀድሞ ይታያል። ሆኖም ከጢሱ ውስጥ ለዓይን የሚታየው ጥቁሩ ክፍል ጥቂት ነው፤ የማይታየው ይበዛል፤ ከማይታየውም አንዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው።

ጨው፣ የኖራ ድንጋይና ከምድጃ የሚወጣ ጋዝ እያንዳንዳቸው ሲታዩ ተራ ነገሮች ናቸው። እነዚህን ተራ ነገሮች በአንድ ማማ ውስጥ አገናኝተው የዓለምን ኢንዱስትሪ የለወጡት፣ በቤልጅግ አገር የኖሩት ሙሴ ኤርኔስት ሶልቬ ናቸው። የሕይወታቸው ታሪክ ለመምህራን የሚጠቅምበት ምክንያት ሀብታም ለመሆን በመቻላቸው አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ የቀሩ ሰው ሲሆኑ፣ ሌሎች ሊቃውንት አውቀውት የተዉትን ነገር እስከ ፍጻሜው በማድረሳቸውና ያገኙትንም ሀብት መልሰው ለትምህርት በማዋላቸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሙሴ ሶልቬ የተወለዱት በሚያዝያ 16 ቀን 1838 ዓ.ም. ከብራስልስ ብዙ በማይርቀው በረቤክ ሮኞን መንደር ነው። አባታቸው አሌክሳንድር ሶልቬ የድንጋይ ካባና የጨው ማጣሪያ ሥራ ነበራቸው። ስለዚህ ሕፃኑ ሶልቬ ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ ድንጋይና ጨው ከዓይናቸው አልራቁም፤ ኋላ ስማቸውን የሚያስጠሩትም እነዚሁ ሁለቱ ሆኑ። በትምህርት ቤት ሳሉ ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ ትልቅ ፍቅር አደረባቸው፤ ወደ ዩኒቨርሲቲም ገብተው መሐንዲስ ለመሆን ያስቡ ነበር። ነገር ግን በጉርምስናቸው ዘመን የሳንባ ሽፋን ሕመም በጽኑ ያዛቸውና ያሰቡት ሁሉ ቀረ። ጓደኞቻቸው ወደ ከፍተኛው ትምህርት ሲሄዱ እርሳቸው በቤት ተኝተው ቆዩ።

እንዲህ ያለ ዕድል የገጠመው ተማሪ በየትምህርት ቤቱ አለ። አንዳንዱ በበሽታ፣ አንዳንዱ በድህነት፣ አንዳንዱም በአገር ሁኔታ ምክንያት ከመንገድ ይቀራል። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሙሴ ሶልቬ ከሕመማቸው ሲያገግሙ መጽሐፍ ማንበባቸውን አልተዉም፤ በገዛ እጃቸው እየሞከሩ መማራቸውንም አላቋረጡም። ሃያ ዓመት አለፍ ሲላቸው አጎታቸው ፍሎሪሞን ሰሜ በብራስልስ አጠገብ በሳን ዦስ ይመሩት በነበረው የጋዝ ፋብሪካ ሥራ ያዙ።

በዚያ ዘመን የከተማ መብራት የሚበራው ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ጋዝ ነበር። ከሰሉ በተዘጋ ምድጃ ውስጥ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ንጹሕ ስላልሆነ በውሃ ይታጠብ ነበር፤ በዚህም ጊዜ አሞኒያ የተባለው ሽታው አፍንጫ የሚሰብር ጋዝ በውሃው ውስጥ ሟሟቶ ይቀራል። ያ ውሃ ዋጋው ዝቅተኛ ስለሆነ ብዙ ፋብሪካዎች ይደፉት ነበር። ለወጣቱ ሶልቬ የተሰጣቸው ሥራ ይህን የሚደፋ ውሃ አጠንክሮ ለጥቅም ማዋል ነበረ። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ቤታቸው ጋዝን በፈሳሽ የማጠብ ሥራ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በ1861 ዓ.ም. አሞኒያ ያለበትን ጨው የጠገበ ውሃ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲያገናኙ አንድ ነገር አስተዋሉ። ፈሳሹ ደፈረሰ፤ ከታችም ነጭ ዱቄት ዘቀጠ። ዱቄቱ የሶዳ ባይካርቦኔት፣ ማለት ዛሬ በየቤቱ ለዳቦና ለኬክ የሚጨመረው ሶዳ ነበር። ይህ ዱቄት በእሳት ሲግል ወደ ተራው ሶዳ ይለወጣል፤ ተራው ሶዳ ደግሞ ለመስተዋት፣ ለሳሙናና ለጨርቅ ሥራ ፋብሪካዎች የግድ የሚያስፈልግ ዕቃ ነው። ሙሴ ሶልቬ ታላቅ ምስጢር ያገኙ መስሏቸው ተደሰቱ፤ በሚያዝያ 15 ቀን፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ የፈጠራ መብት አስመዘገቡ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ነገሩ አዲስ አለመሆኑን ቆይተው ተረዱ። ፈረንሳዊው ፍሬኔል በ1811 ዓ.ም. አስተውሎት ነበር። ዳያርና ሄሚንግ የተባሉ ሁለት ሰዎች በእንግሊዝ አገር ለዚሁ ሥራ የፈጠራ መብት ያወጡት በ1838 ዓ.ም.፣ ሶልቬ በተወለዱበት ዓመት ነው። በ1850ዎቹም ዓመታት ሽሎዚንግና ሮላን የተባሉ ፈረንሳውያን በፓሪስ አጠገብ ፋብሪካ አቁመው፣ ኪሳራው ቢበዛባቸው ዘግተውት ነበር። እነዚህ ሁሉ የተማሩና ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ወጣቱ ሶልቬ ከሁለት መንገድ አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፤ ወይም ሊቃውንት ያቃታቸውን እኔ አልችለውም ብሎ መተው፣ ወይም እነርሱን ያሰናከላቸው ምን እንደ ሆነ መመርመር። የመረጡት ሁለተኛውን ነው።

የተሰለፉበት ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ለመገመት የዚያን ጊዜውን የሶዳ አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው ኒኮላ ለብላን በ1791 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ባገኘበት ዘዴ ጨው ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ይቀቀልና፣ ቀጥሎ ከከሰልና ከኖራ ድንጋይ ጋር በእሳት ይጋገር ነበር። ሶዳው ይገኛል፤ ነገር ግን ከምድጃው የሚወጣው የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ በአካባቢው ያለውን ዛፍና ሰብል ያቃጥል፣ የሰውንም ሳንባ ይጎዳ ነበር። በእንግሊዝ አገር ዊልያም ጎሴጅ የተባለ ሰው በ1836 ዓ.ም. ለዚህ ዘዴ ፈለገለት። ቅርንጫፍና ጭራሮ በተሞላ ማማ ውስጥ ውሃ ከላይ ወደ ታች እየተንጠባጠበ ሲወርድ፣ ጋዙ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ፣ አሲዱ በውሃው ተይዞ ይቀራል። የእንግሊዝ ፓርላማም በ1863 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ የሶዳ ፋብሪካዎች ከዚህ ጋዝ ቢያንስ ከመቶ 95 እጁን እንዲይዙ አዘዘ። የፋብሪካን ጋዝ በፈሳሽ አጥቦ መያዝ በሕግ ግዴታ የሆነው እንዲህ ነው። ሙሴ ሶልቬ ደግሞ የሚጎዳውን ጋዝ ማጠብ ብቻ ሳይሆን፣ ጋዙን ራሱን የሥራው ዋና ዕቃ ለማድረግ ተነሡ።

በዚያው በ1863 ዓ.ም. ከወንድማቸው ከአልፍሬድ ጋር ሆነው፣ ቤተሰብና ወዳጆች ባዋጡት ገንዘብ ኩባንያ አቋቋሙ። ፋብሪካውንም በሻርልሯ አጠገብ በኩዬ ሠሩ። በ1865 ዓ.ም. ሥራ ሲጀመር የጠበቁት ሁሉ ሳይሆን ቀረ። በጠርሙስ ውስጥ የተዋጣለት ሙከራ በትልቁ ሲሠራ ይሰናከል ነበር፤ ቧንቧው በዱቄት ይደፈናል፤ ጋዙ ያመልጣል፤ ውድ የሆነው አሞኒያም በየቀዳዳው ይጠፋል። ገንዘቡ አለቀ፤ ኩባንያውም ሊፈርስ ደረሰ። ቤተሰቡ ግን የቀረውን ጥሪት ጨምሮ እንደ ገና ለመሞከር ወሰነ። አልፍሬድ የንግዱንና የአስተዳደሩን ሥራ ሲይዙ፣ ኤርኔስት በመሣሪያው ላይ ዋሉ፤ አደሩም። ሁለቱ ወንድማማች ተማምነው ባይደጋገፉ ኖሮ ዛሬ የሶልቬን ስም የሚያነሣ አይኖርም ነበር።

የችግሩም ቁልፍ በመጨረሻ ተገኘ። ያለፉት ሰዎች የኬሚስትሪውን ሕግ አልሳቱም፤ የሳቱት ጋዝና ፈሳሽ የሚገናኙበትን መንገድ ነው። ጋዝ በፈሳሽ ላይ እንዲሁ ቢለቀቅ ጥቂቱ ብቻ ይገባል፤ አብዛኛው አምልጦ ይሄዳል። ስለዚህ ሙሴ ሶልቬ እንደ መስጊድ ማማ የረዘመ የብረት ማማ አሠሩ። በማማው ውስጥ ብዙ ቀዳዳ ያላቸው ወለሎች እንደ ፎቅ ተደራርበው ተቀመጡ። አሞኒያ የጠጣው የጨው ውሃ ከላይ ተነሥቶ ከወለል ወደ ወለል ይወርዳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከታች ተገፍቶ በየቀዳዳው አረፋ እየሆነ ይወጣል። ሁለቱ በየፎቁ ስለሚገናኙ ጋዙ እስከ ማማው ጫፍ ሲደርስ አብዛኛው ተይዞ ያልቃል። ሥራውም ሌሊትና ቀን ሳይቋረጥ የሚሄድ ሆነ።

በጂቡቲ ለሚያስተምር መምህር የዚህን ማማ አሠራር በአገሩ ዕቃ ማስረዳት ቀላል ነው። የጨው ውሃው ከባሕሩ ይቀዳል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከኖራ ድንጋይ ይገኛል፤ ድንጋዩ ወደ 1000 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ሲቃጠል ጋዙን ይለቅና ራሱ ኖራ ሆኖ ይቀራል። ከኖራ ምድጃው ጭስ ማውጫ ይጠፋ የነበረው ጋዝ በቧንቧ ተስቦ ወደ ማማው ይገባል። ይሁን እንጂ በጂቡቲ የሚገኝ አንድ እንቅፋት ደግሞ አለ፤ እርሱም ሙቀት ነው። ጋዝ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ በይበልጥ ይሟሟል፤ በሞቀ ፈሳሽ ውስጥ ግን አይቆይም። ለስላሳ መጠጥ በጂቡቲ ቀትር ተከፍቶ ቢቀመጥ ጋዙ ቶሎ እንደሚያልቅ ሕፃናትም ያውቃሉ። በማማው ውስጥ ጋዙና ፈሳሹ ሲዋሐዱ ራሳቸው ሙቀት ስለሚያወጡ፣ ሙሴ ሶልቬ የማማውን ታችኛ ክፍል በቀዝቃዛ ውሃ የማብረድ ዘዴ መጨመር ግድ ሆነባቸው።

ሁለተኛው ጥበባቸው ምንም ነገር በከንቱ እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። ዱቄቱ ከተጣራ በኋላ አሞኒያው ከጨው በተለየው ክሎር ተይዞ በፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። በዚህ ፈሳሽ ላይ ከምድጃው የወጣው ኖራ ሲጨመርበትና ሲሞቅ አሞኒያው ተለቅቆ ወደ ማማው ራስ ይመለሳል፤ እንደ ገናም ለሥራ ይሰለፋል። ዱቄቱ ሲግል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንዲሁ ወደ ማማው ይመለሳል። ስለዚህ አሞኒያው ዕቃ ተሸክሞ ደርሶ ባዶውን እንደሚመለስ የጫኝ ግመል ነው፤ ግመሉ በየጉዞው ቢሞት ግን ነጋዴው ይከስራል። የሽሎዚንግና የሮላን ፋብሪካ የተዘጋው ግመሉን ስላጡ ነበር፤ የሶልቬ ፋብሪካ የቆመው ግመሉን ጠብቀው ስላኖሩ ነው።

ከዚህ በኋላ ሥራው ተስፋፋ። በ1872 ዓ.ም. ሉድቪግ ሞንድ የተባሉ በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ የኬሚስትሪ ሊቅ ከሙሴ ሶልቬ ፈቃድ ወስደው ከጆን ብረነር ጋር ፋብሪካ አቋቋሙ። በፈረንሳይ አገር በናንሲ አጠገብ በዶምባል ትልቅ ፋብሪካ ተሠራ። በ1881 ዓ.ም. የጨው ምንጭና የኖራ ድንጋይ በሚገኝበት በአሜሪካ በሲራኪዩስ ሌላ ኩባንያ ተቋቋመ። ጀርመንና ሩሲያም ተከተሉ። የሶዳ ዋጋ እየቀነሰ ሄደ፤ መስተዋትና ሳሙናም በድሃው ሰው ቤት መግባት ቻሉ። የለብላን ዘዴ ግን እየደከመ ሄዶ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጨርሶ ጠፋ።

ታሪክ ጸሐፊ ግን ምስጋናውን ብቻ ጽፎ ነቀፋውን መተው የለበትም። የሶልቬ ዘዴ አሞኒያውን ቢያድንም ካልሲየም ክሎራይድ የተባለ የማይፈለግ ጨው በብዛት ይተፋል፤ ይህም ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ እየተለቀቀ ውሃውን ሲያበላሽ ኖሯል፤ በሲራኪዩስ የሚገኘው የኦኖንዳጋ ሐይቅ ለዚህ ምስክር ነው። ደግሞም ማማው የያዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለዘወትር የታሰረ አይደለም። ሶዳው በመስተዋት ምድጃ ውስጥ ሲቀልጥ ጋዙን መልሶ ለአየር ይሰጣል። መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ይዞ ማቆየት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሶዳን ተፈጥሮ ራሷ የምትሠራባቸው አገሮችም አሉ። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የሚገኘው የአቢጃታ ሐይቅ ውሃ ሶዳ ያለበት ስለሆነ፣ ውሃው ወደ ማድረቂያ ኩሬ እየተሳበ በፀሐይ ሙቀት ሶዳ አሽ ሲወጣበት ቆይቷል። ነገር ግን የሐይቁ ውሃ በእጅጉ መቀነሱ ይታወቃል፤ ምክንያቱም ፋብሪካው ብቻ ሳይሆን ወደ ሐይቁ ይገባ የነበረው ውሃ ለመስኖ መወሰዱ ጭምር ነው። ከዚህም የሚገኘው ትምህርት ያው ነው፤ የሚወሰደውንና የሚመለሰውን አስቀድሞ ያልመዘነ ሥራ፣ ዕዳውን ለሚመጣው ትውልድ ያወርሳል።

ሙሴ ሶልቬ ከበለጸጉ በኋላ ልባቸው ወደ ተቀማባቸው ነገር፣ ወደ ትምህርት ተመለሰ። በብራስልስ በ1890ዎቹ ዓመታት የፊዚዮሎጂ ተቋም፣ በ1902 ዓ.ም. የማኅበራዊ ኑሮ ጥናት ተቋም፣ በ1903 ዓ.ም. ደግሞ የንግድ ትምህርት ቤት በገንዘባቸው አቋቋሙ። በሕመም ምክንያት የዩኒቨርሲቲ ደጅ ሳይረግጡ የቀሩት ሰው ለሌሎች ልጆች ደጁን ከፈቱ። በፋብሪካዎቻቸውም ለሠራተኞች ጡረታ፣ በቀን የስምንት ሰዓት ሥራና ደመወዝ የማይቋረጥበት ዕረፍት በሕግ ከመታዘዙ አስቀድሞ እንዲሰጥ አደረጉ።

ከሁሉ ይልቅ ስማቸውን በትምህርት ዓለም ያስጠራው በ1911 ዓ.ም. በብራስልስ የተደረገው የፊዚክስ ሊቃውንት ጉባኤ ነው። ሆላንዳዊው ሎሬንትስ በሊቀ መንበርነት በመሩት በዚህ ጉባኤ ማርያ ኪዩሪ፣ ፕላንክ፣ ራዘርፎርድ፣ ፖዋንካሬና ገና ወጣት የነበሩት አይንሽታይን ተገኝተዋል። ሙሴ ሶልቬ ራሳቸው ስለ ቁስና ስለ ስበት አንድ ሐሳብ ነበራቸውና ለሊቃውንቱ አቀረቡ። ሊቃውንቱ በትሕትና ተቀበሉት፤ ነገር ግን ማንም አልተከተለውም። ስለ ኅብረተሰብ ያወጡት ሐሳብም እንዲሁ ብዙ ተከታይ አላገኘም። ሌላ ባለጸጋ ቢሆን በዚህ ቅር ብሎት እጁን ይሰበስብ ነበር። እርሳቸው ግን በማግሥቱ ዓመት የፊዚክስ፣ በ1913 ዓ.ም. ደግሞ የኬሚስትሪ ዓለም አቀፍ ተቋም አቆሙ። የገዛ ሐሳባቸው ባይመረጥም፣ እውነት የምትመረመርበትን ቤት መሥራት በቂ ሆኖ አገኙት። በዚህ ስም የሚጠራው ጉባኤ እስከ ዛሬ ይደረጋል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ ቤልጅግ በጀርመን ጦር በተያዘች ጊዜ፣ ሰባ ስድስት ዓመት የሞላቸው ሶልቬ ለሕዝቡ ምግብ የሚያቀርበውን ብሔራዊ የርዳታ ኮሚቴ ከሚመሩት አንዱ ሆኑ። ከጦርነቱ በኋላም የሚኒስትርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። በግንቦት 26 ቀን 1922 ዓ.ም. በሰማንያ አራት ዓመታቸው በብራስልስ አጠገብ በኢክሰል ዐረፉ። ወንድማቸው አልፍሬድ ከእርሳቸው ሃያ ስምንት ዓመት አስቀድሞ ሞተው ነበር።

ሙሴ ሶልቬ ከሞቱ ወዲህ የማማው ሥራ ከሶዳ ፋብሪካ ወጥቶ ሌላ መንገድ ያዘ። በ1930 ዓ.ም. ሮበርት ቦተምስ የተባሉ አሜሪካዊ፣ ከአሞኒያ ዘር የሆኑትን አሚን የተባሉትን ፈሳሾች አሲድነት ያላቸውን ጋዞች ለመያዝ የሚያገለግሉበትን ዘዴ በፈጠራ መብት አስመዘገቡ። አሚኑ በውሃ ተበጥብጦ በ40 ዲግሪ ያህል ሙቀት ከማማው ራስ ሲወርድ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከጋዙ ውስጥ ለቅሞ ይወስዳል፤ ወደ ሁለተኛው ማማ ሄዶ በ120 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ የያዘውን ይለቃል፤ ከዚያም በርዶ ወደ መጀመሪያው ማማ ይመለሳል። እንግዲህ ግመሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው። አሞኒያው ራሱም ቢሆን በቅዝቃዜ ለዚሁ ሥራ ተሞክሯል።

ይህ ዘዴ ለአፍሪካ ቀንድ አገሮች የሩቅ ወሬ አይደለም። በጂቡቲ ወደብ ተራግፎ ወደ ኢትዮጵያ ገበሬ የሚሄደው ዩሪያ የተባለው ማዳበሪያ የሚሠራው ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም በፋብሪካው ውስጥ ከሌሎቹ ጋዞች የሚለየው በእንዲህ ያለ ፈሳሽ ታጥቦ ነው። ከወደቡ እየተጫነ በሚወጣው በእያንዳንዱ የዩሪያ ከረጢት ውስጥ በማማ የተያዘ ጋዝ አለ ማለት ነው። ይህም ቢሆን ዩሪያው በእርሻ ውስጥ ሲበሰብስ ወደ አየር ይመለሳል።

አሁን የዓለምን ሊቃውንት የሚያሳስባቸው ጋዙን ይዞ ማቆየት ነው፤ ምክንያቱም በአየር ውስጥ የበዛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምድርን ሙቀት እየጨመረ ነው፤ እንደ ጂቡቲ ያለ ሞቃትና ከባሕሩ ጋር የተስተካከለ ከተማም ከዚህ ጉዳት ቀዳሚ ተካፋይ ነው። በካናዳ በባውንደሪ ዳም የከሰል ኃይል ማመንጫ በ2014 ዓ.ም. የአሚን ማማ ሥራ ጀመረ። በኖርዌይ በብሬቪክ የሲሚንቶ ፋብሪካ በ2025 ዓ.ም. የተመረቀው ማማ ደግሞ በዓመት 400,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ የተያዘውም ጋዝ በመርከብ ተጭኖ ከሰሜን ባሕር ወለል በታች በዐለት ውስጥ ይቀበራል። የሲሚንቶ ምድጃ የኖራ ድንጋይ የሚቃጠልበት ስለሆነ፣ የሶልቬን የኖራ ምድጃ ልጅ ልንለው ይቻላል። በዓሊ ሳቢህ፣ በድሬዳዋ፣ በሙገርና በደርባ የተሠሩት የሲሚንቶ ፋብሪካዎችም ጋዛቸው ከዚያው ድንጋይ የሚወጣ ነው። ሥራውን የሚያከብደው አሚኑን መልሶ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ብዙ ኃይልና የሚያስወጣው ገንዘብ ነው። ይህን የሚያቃልለው ሰው ገና ይጠበቃል።

ያም ሰው ዛሬ በአንድ ክፍል ወንበር ላይ የተቀመጠ ተማሪ ሊሆን ይችላል። ለመጀመሪያው ትምህርት የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። መምህሩ ኖራ በውሃ በጥብጦ ካዘቀጠ በኋላ የጠራውን በብርጭቆ ይቀዳል፤ ተማሪውም በቀጭን ቧንቧ ትንፋሹን ቀስ ብሎ ወደ ውሃው ይነፋል። ጥቂት ሲቆይ ጥሩው ውሃ እንደ ወተት ይነጣል፤ ከሰው ትንፋሽ የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፈሳሹ ተይዞ መልሶ የኖራ ድንጋይ ሆኗል። ወጣቱ ሶልቬ በጋዝ ፋብሪካው ውስጥ የነጣውን ፈሳሽ ባዩ ጊዜ የተሰማቸው መደነቅ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ብዙ ሰው ይህን አይቶ ይደነቃል፤ ከዚያም ይረሳዋል። ከሙሴ ሶልቬም በፊት አይተው የተደነቁ ብዙዎች ነበሩ። እርሳቸውን ከሌሎቹ የለያቸው ፈሳሹ ለምን እንደ ነጣ ማወቃቸው ሳይሆን፣ የጠፋውን አሞኒያ ለመመለስ፣ የተደፈነውን ቧንቧ ለመክፈትና የሞቀውን ማማ ለማብረድ ዓመታትን መስጠታቸው ነው። መምህር ለተማሪው ከመደነቅ ጋር ይህን ትዕግሥት ጭምር ሊያስተምረው ይገባል፤ ከመንገድ የቀረውንም ተማሪ ጨርሶ እንደ ጠፋ መቁጠር አይገባውም። የረቤኩ ጨው አጣሪ ልጅ ከመንገድ ቀርተው ከነበሩት አንዱ ናቸውና።